ሰልባጅ ሻጯና አንድ መንደር የሆነችው ዓለም

ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ሥር ከአውሮፓ የመጣ ሰልባጅ ልብስ ሸጣ የምታድር አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ነበረች። አንድ ቀን የኢኮኖሚክሱንም የታሪኩንም የጂኦግራፊውንም መምህር ያስከተለ ፕሮፌሰር ከግቢው ውስጥ በድምፅ ማጉያ፣ «ዓለም አንድ መንደር ሆናለች፤ ሁላችንም ጎረቤታሞች ነን» ሲል ሰማችና ደስ አላት።

ደስታዋ ግን አልሰነበተም። ፕሮፌሰሩ ወጣና፣ «ሴትዮ፣ ይህን ቡትቶ አንሺ። ነገ ለጉባኤ ከአውሮፓ እንግዶች ይመጣሉ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ» አላት።

እንጀራዋ ቢሆንም ፊቷን አላጠቆረችም።

«ምነው ፕሮፌሰር፣ አሁን መንደሩ አንድ ነው ሲሉ አልነበረም? ጎረቤት ከመቼ ወዲህ እንግዳ ሆነ? ግድ የለም፣ አነሳዋለሁ። ቡትቶ የተባለው የእነሱው ካፖርት መሆኑን ግን ሲመጡ እርስዎ ይንገሩልኝ።»