የይማም ወረቀትና የእትዬ ከድጃ ቁልፍ

ወሬ ይዣለሁ። የሚሰማ ይጠጋ፣ የማይሰማ መንገድ ይልቀቅ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ይማም የሚባል በያጅ ነበረ። የዩኒቨርሲቲ ደጅ ረግጦ አያውቅም። ብረት ከብረት ሲያጋጥም ግን መጋጠሚያው በጣት ተዳስሶ አይገኝም። ሚስቱ ዘሃራ ከሞተች ሁለት ወሯ ነው። አብራው የቀረችው የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ሰዓዳ ናት።

አንድ ቀን ባሕር ማዶ ካለ የመርከብ መሥሪያ ደብዳቤ መጣለት። «ዲግሪ አንጠይቅህም። የሙያ ፈተና ያለፍክበትን ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ላክና ልጅህን ይዘህ ና» ይላል። ማመልከቻውን በሕይወት ሳለች የላከችው ዘሃራ ነበረች። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። ይማም የፈለገው እንግዲህ ይቺን ብቻ ነው፤ አንዲት ወረቀት።

ወደ ፈታኙ ሄደ።

«ይፈትኑኝ» አለ።

«የሠራህበት ጋራዥ ደብዳቤ የታለ? ያለ ደብዳቤ ፈተና የለም።»

ወደ ጋሽ ይመር ሄደ። ብየዳ ያስተማሩት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የጋራዡን ብየዳ ለእሱ ትተዋል።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ያለ ደብዳቤ ፈተና የለም፣ ያለ ፈተና ወረቀት የለም።»

ጋሽ ይመር እዚያው ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ማህተሙ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ተቆልፏል። ሦስት ቁልፍ ስለጠፋብኝ አራተኛውን ከድጃ ቀማችኝ። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ማን ያነበዋል?»

ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ከድጃ ሄደ። ቁልፉን ከሻሻቸው ጫፍ ቋጥረውታል።

«እትዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ያለ ቁልፍ ማህተም የለም፣ ያለ ማህተም ደብዳቤ የለም፣ ያለ ደብዳቤ ፈተና የለም፣ ያለ ፈተና ወረቀት የለም።»

«ላንተ ቢሆን ነፍሴንም እሰጥ ነበር፤ ለይመር ግን አልሰጥም! በቆሎዬን ወፍጮ ቤት ካደረሰው ዘጠኝ ቀኑ። አምጣ ስለው ‹ነገ› ይለኛል፣ ነገም ‹ነገ› ይለኛል። ወላሂ፣ ዱቄቴን ሳላይ ቁልፌን አያይም!»

ወደ ባለ ወፍጮው ወደ ሁሴን ሄደ። ሁሴን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ይማምን ሲያይ ብድግ አለ።

«ሁሴን፣ የእትዬን በቆሎ ፍጭልኝ። ያለ ዱቄት ቁልፍ የለም፣ ያለ ቁልፍ ማህተም የለም፣ ያለ ማህተም ደብዳቤ የለም፣ ያለ ደብዳቤ ፈተና የለም፣ ያለ ፈተና ወረቀት የለም።»

«በምን ልፍጨው ወንድሜ? ድንጋዩን የሚያዞረው ሻፍት ተሰብሯል።»

«ታዲያ አታስበይደውም?»

«በያጁ ሐዘን ላይ ነዋ። ‹ሐዘንተኛ አይታዘዝም፣ የተሰበረ ነገር ይዞ ደጁ የሚሄድ እንዳይኖር› ብሎ ሰፈሩ ተማክሯል። ደሴ በያጅ ፍለጋ ሰው ልከን እየጠበቅን ነው።»

«የትኛው በያጅ ነው ሐዘን ላይ ያለው?»

ሁሴን መሬት መሬቱን አየ። «አንተ ነሃ፣ ይማም።»

ይማም አሁን ገባው። ሁለት ወር ሙሉ የወለቀ በር፣ የተሰበረ አልጋ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ሰው እጄን ረሳው ብሎ ነበር። ለካ ሰፈሩ በሙሉ በተሰበረ አልጋ ላይ የሚተኛው ለእሱ ብሎ ነው።

«እንግዲያማ» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ «ያለ እኔ ሻፍት የለም፣ ያለ ሻፍት ዱቄት የለም፣ ያለ ዱቄት ቁልፍ የለም፣ ያለ ቁልፍ ማህተም የለም፣ ያለ ማህተም ደብዳቤ የለም፣ ያለ ደብዳቤ ፈተና የለም፣ ያለ ፈተና ወረቀት የለም። ውሰደኝ ወደ ሻፍቱ!»

መነጽሩን አጠለቀ። እሳቱ ብልጭ አለ። ያኔ ሻፍቱ ዞረ፣ ወፍጮው ፈጨ፣ በቆሎው ዱቄት ሆነ፣ ዱቄቱ ቁልፉን ከሻሽ አስፈታ፣ ቁልፉ ሳጥኑን ከፈተ፣ ሳጥኑ ማህተሙን ሰጠ፣ ማህተሙ ደብዳቤው ላይ አረፈ፣ ደብዳቤውም ይማምን ፈታኙ ፊት አቆመው።

ይማም ሁለት ብረት በየደ። ፈታኙ የተበየደውን ማጠፊያ ውስጥ ከትቶ አጠፈው፤ አልተሰነጠቀም። ገልብጦ አጠፈው፤ አሁንም አልተሰነጠቀም።

«የት ነው የተማርከው?»

«ጋሽ ይመር ጋ።»

«ዩኒቨርሲቲ ማለቴ ነው።»

«እሱም ጋሽ ይመር ጋ ነው።»

ፈታኙ ሳቀና ወረቀቷን ሰጠው። ይማም በዚያው ቀን ላካት። ከመላኩ በፊት ግን ለሰዓዳ አስያዛት።

«አባዬ፣ እማዬ የፈለገችው ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው።»

ልጅቷ ወረቀቷን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ሰፈሩን ዞረች። ጋሽ ይመር በደከመ ዓይናቸው ማንበብ ባይችሉም፣ «የኔ ልጅ እጅ ነው!» እያሉ ላለፈ ላገደመው ሁሉ አሳዩ።

በማግስቱ ይማም በሩን ሲከፍት አልጋው፣ በሩ፣ ዶማው፣ የውሃ ጋሪው እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። «ሳትሄድብን!» አሉት። ሁሉንም በየደ፤ አንዱንም አልመለሰም።

ወሬዬ አለቀ። ቁልፉን ለእትዬ ከድጃ መልሱልኝ፤ ለጋሽ ይመር እንዳትሰጡ።