የሉባባ ጋቢ

በአንድ ወቅት በቦርከና ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ሉባባ የምትባል የሸማኔ ልጅ ነበረች። የኤሌክትሪክ ሙያ ተምራ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ቢሆናትም ሥራ አላገኘችም። ሥራ ጠፍቶ አይደለም። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ አሻራ፣ የጤና ምርመራ ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱም ይከፈላል። ደሞዝ ለማግኘት መጀመሪያ ደሞዝ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህን ያወጣው ሰው የት እንደተማረ አላህ ይወቅ።

አባቷ ይማም ከሸማው ሥራ ቀና ብሎ «አብሽሪ ልጄ፣ ቀን ያልፋል» ይላታል። ቀኑማ ያልፍ ነበር፤ ማስታወቂያውን ይዞ።

ታዲያ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት የሰነዶቹን ወጪ እኔ እሸፍናለሁ አለ። በዚያው ሳምንት አዲስ የዱቄት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈለገ፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። የመንግሥት መመሪያ ግን ጥቂት ሰው በመጣበት የቀበሌ ስብሰባ ተነበበና እዚያው ቀረ።

ከጥቂቶቹ አንዱ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሼ ውዱ ነበሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ነፉ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ፤ አንዳንዶቹ የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ ሳይሰሙ ማልቀስ ጀመሩ።

«ማነው የሞተው?» አሉ መምህር አስናቀ፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ አድርገው።

«የወረቀት ክፍያ ነው የሞተው!» አሉ ጋሼ ውዱ። «ቀብሩ ዛሬ ቀበሌ ነው። ሥራ ፈላጊ ልጅ ያላችሁ እንዳትቀሩ!»

የሳቀም የተቆጣም ነበር። ከሁሉ የባሰባቸው መምህር አስናቀ እድሩ ዘንድ ከሰሷቸው። ጥሩምባ ለሞት እንጂ ለሌላ አይነፋምና ጋሼ ውዱ ዕድሜ ልካቸውን የነፉትን ጥሩምባ ተቀሙ። ሉባባ ግን በዚያ ጠዋት ቀበሌ ከሰልፉ ፊት ነበረች።

ቀበሌው «ክፍያ የለም፤ መወለድሽን የሚመሰክር ሰው ግን አምጪ» አላት። ሉባባ የተወለደችው ገጠር፣ ቤት ውስጥ ነው፤ እናቷም በሕይወት የሉም፤ አባቷም ያን ቀን ለገበያ ርቆ ሄዶ ነበር። የቀሩት ምስክር ያዋለዷት እትዬ ጦይባ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ቤት ውስጥ ማዋለድ ከተከለከለ ወዲህ «የድሮውን አንሥተው ያስሩኛል» ብለው የመሥሪያ ቤት ደጃፍ አይረግጡም። ሉባባ ገጠር ወርዳ ስትነግራቸው ግን ምርኩዛቸውን አንሥተው ተከተሏት። ቀበሌው መስኮት ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«በእነዚህ ነው የተቀበልኳት። ነሐሴ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ሐኪም ቤት መድረስ አልተቻለም። የምታስሩኝ ከሆነም መጀመሪያ ወረቀቷን ስጧት።»

ያሰራቸው የለም። ጸሐፊዋ ወንበር አመጣችላቸው፤ ማኅተሙም አረፈ። የቀሩት ሰነዶች ከዚያ ወዲያ ቀለሉ።

ዓርብ ከሰዓት ሉባባ ሰነዶቿን ሁሉ ታቅፋ ፋብሪካው ደረሰች። እዚያ ደግሞ ደሞዝተኛ ዋስ ተጠየቀች። መንግሥት የወረቀቱን ይከፍላል እንጂ ዋስ አይሆንም፤ አባቷም ሸማኔ እንጂ ደሞዝተኛ አይደለም። በሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

መምህር አስናቀ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አዩዋት። እኚህ ሰው ቀድሞ ለወንድማቸው ልጅ ዋስ ሆነው፣ ልጁ ንብረት ይዞ ጠፍቶ፣ ዕዳው ለዓመታት ከደሞዛቸው ተቆርጧል። ሁለተኛ ለማንም ዋስ ላይሆኑ ሚስታቸው ፊት ምለዋል።

«ምን ሆነሻል?»

«ዋስ የለኝም፣ መምህር።»

መምህሩ ወደ ፋብሪካው በር አዩ። ከዚያ «ተነሺ፣ በሩ ሳይዘጋ» ብለው ገብተው ፈረሙ። ለሚስታቸው ምን እንዳሏት እሳቸውና እሷ ያውቃሉ።

ሉባባ ተቀጠረች! ፋብሪካው ሲመረቅ ማብሪያውን የተጫነችው እሷ ነበረች። ወፍጮው ሲያጓራ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ ይማምም በአደባባይ አለቀሰ። ከዚያም በመጀመሪያ ደሞዟ ምርጥ ፈትል ገዛች፤ ይማምም ጋቢ ሠራው። እንደ ወጉ የመጀመሪያ ደሞዝ ጋቢ የአባት ነው። ይማም ግን ጎረቤቱን ሰብስቦ ጋቢውን መለሰላት።

«እኔ ጋቢ ስሠራ ነው የኖርኩት። ይህንን ሥራ ላስገባሽ ሰው አልብሺ።»

«ለመንግሥት ስጪው!» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«ትከሻው የት ነው?» አሉት፤ ተሳቀ።

ጋሼ ውዱ ቀደሙ። «እኔ ባልነፋ ማን ይሰማ ነበር? ጥሩምባዬን ያጣሁት ለዚህች ልጅ ነው።»

«ወሬውንማ ሁሉም ሰምቷል» አሉ እትዬ ጦይባ። «መወለዷን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ደግሞስ መጀመሪያ ጨርቅ ያለበሳት ማን ሆነና?»

«የእናንተ አልፏል» አሉ መምህር አስናቀ። «እኔ ዛሬም ዋስ ነኝ። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«ጥሩምባዬን አስቀምቶ ጋቢ ሊለብስ!» አሉ ጋሼ ውዱ፤ እንደገና ተሳቀ። መምህሩም አብረው ሳቁ፤ ለጋቢው ያዘጋጁትን ትከሻ ግን አላሸሹም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዳትሉኝ። ሎሚ ይከፋፈላል፤ ጋቢ ግን ተቆርጦ ማንንም አያሞቅም። ሉባባ ጋቢውን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች፤ ሦስቱም ትከሻቸውን አሰናድተው ይጠብቃሉ። እስቲ ፍረዱ፦ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው?