አርባ ዕፅ በአንድ ማንኪያ

ያ ጀመዓ! ይህን ታሪክ ሲነግሩኝ ወላሂ ከመቀመጫዬ ነው የተነሳሁት። በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ቅመምና መድኃኒት እየመዘኑ የሚኖሩ ሐጂ ሸምሰዲን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው «ደግ ነው» ያሉትን መድኃኒት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል። ታዲያ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚሰግዱት ተቀምጠው ነው። «ያረቢ፣ ሳልሞት አንዲት ሱጁድ!» ነበር ዱዓቸው።

አንድ ቀን ሙዘሚል የሚባል ነጋዴ የጉልበት መድኃኒት ይዞ መጣ። «አርባ ዕፅ በአንድ ማንኪያ!» ይላል። ሐጂ ሦስት ቀን ዋጡለት። በአራተኛው ቀን፣ በጁምዓ፣ ግንባራቸው መሬት ነካ! አላሁ አክበር! ወንዱ አለቀሰ፣ ሴቶቹ ከውጭ እልል አሉ።

ከሶላት በኋላ ሕዝቡ መድኃኒቱን ሊገዛ ዕቃውን እየያዘ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ። ጨጓራዋን የምትታመመው ዘምዘም ከሁሉም ፊት ናት።

«እንግዲህ ሐጂ፣ ይመስክሩልኝ» አለ ሙዘሚል።

ሐጂ ግን ሚዛናቸውን አስመጡ። ከመድኃኒቱ አንድ ማንኪያ ሞልተው መዘኑ።

«ልጄ፣ እኔ ለጉልበት ዝንጅብል ብቻውን ይቺን ያህል እሰጣለሁ። አርባ ሆነው ከተካፈሏትማ ለትንኝ ጉልበትም አትበቃ! ታዲያ እኔን ያስነሳኝ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል፣ ሐጂ።»

«ተው እንጂ! ዘምዘም ደም አስመልሷት ከተረፈች ወር አልሞላትም። የምታጠጣትን ልወቅ።»

ሙዘሚል ዘምዘምን አየ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ፈጭቼ ጨምሬበታለሁ» አለ።

ሱብሐነላህ! ሐኪም «አደራ፣ እንዳትነኪው» ያላት ያንኑ ክኒን ነበር። ዘምዘም ዕቃዋ ከእጇ ወደቀ።

ከሰልፉ አንዱ፣ «ሐጂ፣ ለእርስዎስ ሠርቶ የለ? ለራስዎ እንኳ ያስቀሩ እንጂ» አላቸው።

ሐጂ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ለሙዘሚል መለሱ። «እኔ ሱጁድ ስወርድ ያየ ሁሉ ‹አርባው ዕፅ ነው› ብሎ ይገዛዋል። ግንባሬን መሬት አስነክቶ ምላሴን ከሚያስዋሸኝ፣ ተቀምጬ ልስገድ» አሉ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለዐስር ሶላት፣ እንደ ዱሮው ቁጭ አሉ።

እኛስ ወገኖቼ? ውስጡ ምን አለ፣ ስንት አለ ሳንል፣ «ለኔ ሠርቶልኛል» እያልን ስንቱን ለጎረቤት አቀብለናል! ሰው ሁሉ የሚያወራው ያቺን የጁምዓዋን ሱጁድ ነው። አላሁ አዕለም፣ እኔን የምታስቀናኝ ግን ቁጭ ብለው የሰገዷት የዐስሯ ናት።