አንጓች ደጅ ላይ ጥላው የወጣችው ስም

ከቀብር ተመልሶ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚላት አንዲት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከየት እንደመጣች ግን የሚጠይቅ የለም። እኛ አገር፣ ዓባይን ተሻግሮ ባለው ደጋ፣ መነሻዋ ለቅሶ ቤት አይደለም፤ የወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው ይላሉ። ነገሩም የአንዲት ሴት የፍቺ ወረቀት ነው።

አንጓች አየልኝ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏን ዓለምነህን ቀብራ፣ ገና ጥቁሯን ሳትለውጥ፣ የባሏ ወንድም ቢምረው መጥሪያ ላከባት። አንጓች የወንድሜ ሚስት አይደለችም ይላል ክሱ፤ የመጀመሪያ ባሏን ታፈረን ሳትፈታ ነው ወንድሜ ቤት የገባችው፤ ስለዚህ ቤቱን ለቅቃ ትውጣ።

መጥሪያውን ያነበበችላት የልጅ ልጇ ሰናይት ናት። ሰናይት እናቷ በወሊድ የሞተችባት፣ ከዚያ ቤት ሌላ ቤት የማታውቅ ልጅ ናት። አንጓች ለራሷ ቢሆን የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላምም ይበቃት ነበር። ግን ለአካለ መጠን የደረሰችን ልጅ ይዞ የት ይገባል? ሴት ልጅ ያለችው ሰው ጣራው ሲያፈስ እንኳ እንቅልፍ የለውም፤ እንኳን ጣራው ራሱ ሊወሰድ።

«እማማ፣ ታፈረን ግን ፈትተሽዋል አይደል?» አለች ሰናይት።

«ፈትቼዋለሁ። የዘመድ ዳኞች ተቀምጠው፣ ፍርድ ቤትም ሄደን።»

«ወረቀቱስ?»

«የምን ወረቀት? ከዚያ ቤት የወጣሁት በለበስኩት ነው።»

ታፈረ እንደሆነ ወደ ቆላ ወርዶ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። ዳኛው የሁለቱን ወገን ቃል ሰሙና፣ «የፍቺውን ማስረጃ ከመዝገብ ቤት አስወጥተው ያቅርቡ» ብለው ቀጠሮ ሰጧት።

አንጓችና ሰናይት በማግስቱ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሙ። ጌታሰው የሚባለው ሠራተኛ ሰው የማያመናጭቅ ሰው ነው፤ ግን ያለ ማመልከቻ መዝገብ አይነካም። ከበሩ ውጪ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው አስጻፉ። የባል ስም፣ የሚስት ስም ተጻፈ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ሲደርስ አንጓች ቆመች።

«ዓመቱን አላውቀውም። ያ ድርቅ የገባ ጊዜ ነው። ከወሎ በኩል ሰው ሲጎርፍ።»

«ሰባ ሰባት ይሆናላ» አለ ጸሐፊው፣ ጻፈውም።

ጌታሰው ማመልከቻውን ይዞ ገባ። በሲባጎ በታሰሩት ክምሮች መካከል ሲያስነጥስ ይሰማል። ቢምረውም የሚሆነውን ሊያይ መጥቶ በረንዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጌታሰው ብዙ ቆይቶ፣ እጁ በአቧራ ነጥቶ፣ አንድ መዝገብ ይዞ ወጣ።

«እናቴ፣ በእርስዎ ስም የተጻፈ ፍቺ የለም። የታፈረ አለ። ግን እሱ የፈታው ሌላ ሴት ነው። ዳሳሽ አየልኝ ትባላለች። እህትዎ ትሆን? አሻራም ነበረው፤ ደብዝዟል።»

ቢምረው ከበረንዳው ሳቀ። «ይኸው እንግዲህ። ታፈረ ሁለት ሚስት ነበረው ማለት ነው። አንዷን ፈታ፣ አንዷን ለወንድሜ አወረሰ።»

 አንጓች ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ፣ የልጂቱን እጅ ይዛ ከግቢው ወጣች።

 መንገዱ ሲጋመስ ሰናይት፣ «እማማ፣ ዳሳሽ ማናት?» አለቻት።

«እኔ ነበርኩ።»

በዚያ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች። የአባቷ ቤት ስም ደጅ ይቀራል፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ቄሱም ሳይቀር አማት ባወጣችው ስም ነው የሚጠራት። የታፈረ እናት ላቀች ለአንጓች «ዳሳሽ» የሚል ስም አወጣችላት። ዳሳሽ ውኃ ቅጂ፣ ዳሳሽ እንጨት ልቀሚ፣ ዳሳሽ ለምን ዘገየሽ። ታፈረ ሰክሮ ሲገባ የሚጠራትም፣ በትር ሲያነሳባት የሚጠራትም በዚሁ ስም ነው። የወጣች ዕለት ደጁ ላይ ቆማ፣ «ስማችሁን ይዤላችሁ አልሄድም፤ ይኸው እዚሁ ጣልኩት» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት ቢኖር አቤት ብላ አታውቅም። ዓለምነህ እንኳ ሳይሰማው ሞተ።

«ታዲያ ለሰውየው እኔ ነኝ አትይውም ነበር?»

«አፌ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ብለውስ ማን ያምነኛል? ስሙን ያወጣችው ሞታለች። ያፋቱንም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አልቀዋል። አቶ ውባንተ ብቻ ቀርተዋል፤ እሳቸውም ዓይናቸው ጠፍቷል አሉ።»

ሰናይት ግን አልለቀቀቻትም። አቶ ውባንተ ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ማነው?» አሉ ኮቴ ሰምተው።

«አንጓች ነኝ። የአየልኝ ልጅ።»

«አየልኝ የወለደው ብዙ ነው። የትኛዋ?»

አንጓች መሬት መሬቱን አየች። ሰናይት በክንዷ ነካ አደረገቻት።

«ዳሳሽ» አለች፣ ድምጿ የሌላ ሰው እስኪመስላት።

«አዬ። የላቀች ምራት። ነይ ተቀመጪ።»

ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ሳቅ አሉ፣ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረበትም። «ላቀች ይህ ቀን እንደሚመጣ ያኔውም ብላ ነበር።»

«ላቀችማ እኔን ቶሎ ለማባረር ነው ፍርድ ቤት ድረስ የጎተተችኝ» አለች አንጓች።

«እንዲያ አድርገሽ ነው የያዝሽው?» አቶ ውባንተ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስተካከሉ። «እኛ ዳኞቹ አፋትተናል ብለን ልንበተን ተነስተን ነበር። በሩ ላይ የቆመችብን ላቀች ናት። ‹ልጄን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ፈታሁ ይላል፣ ነገ ሰክሮ ሚስቴ ናት ብሎ ደጇ ይቆማል። እናንተ ደግሞ ታልፋላችሁ። በመንግሥት መዝገብ ይጻፍላት› አለችን። ፍርድ ቤት ቆማ በገዛ ልጇ ላይ መሰከረች፤ ይመታታል ብላ። ዳኛው የሚስትየውን ስም ሲጠይቁ አንቺ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ጥለሽ ታለቅሻለሽ። እሷ መለሰችልሽ። የምታውቀው ስም ያው ያወጣችልሽን ነው።»

አቶ ውባንተ ቀጠሉ።

«ከዚያ ወዲያ ታፈረ እናቱን አላናገራትም። ስትሞትም አልቀበራትም።»

«እኔም አልቀበርኳት» አለች አንጓች። «እዚያው ማዶ ሆኜ መርዶዋን ሰምቼ ጎመን ስኮተኩት ዋልኩ።»

የቀጠሮው ዕለት ሰናይት አቶ ውባንተን ምርኩዛቸውን ይዛ እየመራች አመጣች። ጌታሰውም መዝገቡን ችሎት ላይ አቀረበ። ሽማግሌው ምለው የሚያውቁትን ተናገሩ። ቢምረው ተነሳ።

«ክቡር ዳኛ፣ ምስክሩ ዓይናቸው አያይም። ይቺ ያቺ መሆኗን በምን አወቁ?»

«ሳፋታት ዓይን ነበረኝ» አሉ አቶ ውባንተ። «አሁን ደግሞ ጆሮ አለኝ። አንተ ሁለቱም እያለህ ወንድምህ ከማን ጋር እንደኖረ አላወቅህም።»

ችሎቱ ውስጥ ጥቂት ሰው ሳቀ። ዳኛው ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው መዝገቡን ገለጡና፣ ቀና ሳይሉ ተጣሩ።

«ዳሳሽ አየልኝ።»

አንጓች አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ሰናይት አያቷን አየቻት። ዳኛው ደግመው ሊጠሩ ሲሉ ተነሳች፤ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች።

«አቤት» አለች።

የቢምረው ክስ ያን ዕለት ተዘጋ። ጌታሰው የመዝገቡን ግልባጭ ማኅተም አድርጎ በመስኮቱ ሰጣቸው። «እናቴ፣ አሁንስ እንዳይጠፋ» አለ። ሰናይት በደረቷ ይዛው ወጣች።

ወደ ቤት ግን አልሄዱም። አንጓች ቀድማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ታጠፈች፤ ልጂቱና ሽማግሌው ተከተሏት። የላቀች መቃብር ድንጋዩ ተበትኖ፣ ሣር ውጦት፣ አጠገቡ ካለው ሜዳ አይለይም። አቶ ውባንተ በምርኩዛቸው እየዳሰሱ ቦታውን አሳዩአት። አንጓች ተንበርክካ ሣሩን በእጇ ትነጭ ጀመር። የተበተኑትን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች።

«እናቴ» አለች፣ «ዳሳሽ ነኝ። ዘገየሁ።»

 ሰናይት ፊቷን አዞረች። ፀሐይ ቆልቆል እስክትል አንጓች ከዚያ አልተነሳችም፤ የመሸበትን ሰው ሁሉ መንገድ ያስፈራዋልና አቶ ውባንተ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ተነሺ፣ ዳሳሽ፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል።»