የዳይሬክተሩ ካርድ

አንዲት ምላሷ የሰላ ፕሮግራመር ነበረች አሉ። ለመሥሪያ ቤቷ የሠራችው ድረ ገጽ የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ በገጾቹ ላይ አልተጻፈበትም፤ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ በተቀየረ ቁጥር አዲሱን አድራሻ ከዚያው ከሰርቨሩ ጠይቆ ያውቃል።

ዳይሬክተሩ አቶ ሽመክት ይህን ሲሰሙ በስብሰባ መሐል አፈጠጡባት።

«የት እንዳለ ጠይቆ የሚያውቅ ምን ዓይነት ጅል ነው? አድራሻውን በየገጹ ጻፊበት፤ አለዚያ ሥራሽን ልቀቂ!»

«እሺ። እስቲ መጀመሪያ ቢዝነስ ካርድዎን ይስጡኝ።»

ኮራ ብለው ሰጧት። መሥሪያ ቤቱ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሕንፃ ቀይሯል፤ ካርዱ ላይ የታተመው አድራሻ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል፤ እሱም ተሰርዞ ሌላ። ለተሰብሳቢው ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«እንዳሉት እጽፍበታለሁ ጌታዬ» አለች፤ «ሰርቨሩ ሲቀየር ግን ካርዱን ያረሙባትን እስክሪብቶዎን ይዘው ይምጡ፤ ገጹ አምስት መቶ ነው።»