ስንቁን በክራር የለወጠው ጅብ

አንድ ጊዜ ከጅቦች ወገን የመጀመሪያው ተማሪ ኮሌጅ ሊገባ ሆነ። ስሙ ዳምጤ ይባላል። ከዋርካው ሥር ያለውን ኮሌጅ የሞሉት አህዮች፣ ፍየሎች፣ ዝንጀሮዎችና ጥንቸሎች ነበሩ፤ ጅብ ግን እንኳን ሊማር በበሩም አልፎ አያውቅም። የኮሌጁ ዲን አንበሳ ዳምጤን ሲመዘግበው ቁርጡን ነገረው።

«ሥጋ በል ተማሪ የሦስት ወር ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ጓደኛው ላይ ጥርሱን ያሳረፈ ደግሞ በዚያው ቀን ይባረራል። ከዚያ ወዲያ ከወገኑ ማንንም አልቀበልም።»

ይህን የሰሙ የሰፈሩ ጅቦች ተሰበሰቡ። ጅብ ከአፉ ነጥሎ ሲሰጥ ታይቶ አይታወቅም፤ በዚያ ሰሞን ግን ታየ። ከየዋሻው እያመጡ፣ እየዘለዘሉ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጡ አንድ ትልቅ ጆንያ ቋንጣ ሞሉለት። አንዲት አሮጊት ጅብ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን የበሬ ምላስ ይዛ መጣችና «እኔማ ጥርሴም አልቋል፤ አንተ ብላና ተማርልን» አለችው። እናቱ የራሷን ድርሻ አንድ ሳታስቀር ጨምራ የጆንያውን አፍ ሰፋች።

የዳምጤ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከመንደር ዳር ተደብቆ የሠርግ ክራር ሰምቶ፣ ክራር ተጫዋች ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ማለት ጀምሯል። ወሬው ቀበሮ ጆሮ ደረሰ። ቀበሮም አንድ ክራር አንግቶ ከተፍ አለ። ክራሩ በእርግጥ ያምራል። እንጨቱ ወይራ ነው፤ ስድስቱ ክሮች ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው፤ ሆዱ ላይ የተወጠረው ቆዳም የጥጃ ሽታው ገና አልለቀቀውም።

«ስንት ነው?» አለ ዳምጤ ምራቁን እየዋጠ።

«ላንተ ስለሆነ ያቺን ጆንያ ብቻ።»

«ጆንያውን እንዳለ?»

«ወንድሜ፣ እዚያ እኮ ማንም አያውቅህም። በመጀመሪያው ቀን ክራር አንግቶ የገባ ክራር ተጫዋቹ ዳምጤ ይባላል። ጆንያ ተሸክሞ የገባውን ግን ከአህዮቹ ማን ይለየዋል?»

ዳምጤ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ቶሎ ደከመውና እናቱን ሊያማክር ሄደ።

«እማ፣ አንድ ክራር ብገዛ ምን ይመስልሻል?»

እናቱ ሳቀች። «አምና ዋና እለምዳለሁ ብለህ ወንዝ ወረድክና ውሃው ቀዘቀዘኝ ብለህ ተመለስክ። ካቻምና ዋሽንት አልክ፤ ዋሽንቱ የት እንደወደቀ እንኳ አታውቅም። ልጄ፣ መጫወቱን አልጠላሁብህም። ኮሌጁ የሙዚቃ ክበብ አለው ይላሉ። የክበቡን ክራር ተዋስና ሦስት ወር ሞክረው። ከዚያ በኋላም ከወደድከው እኔው ራሴ እገዛልሃለሁ።»

«እሺ እማ።»

እሺ ያለው አፉ ብቻ ነበር። በማግስቱ ምርቃቱን ተቀብሎ፣ ጆንያውን ተሸክሞ፣ እልልታው እየተከተለው ወጣ። ቀበሮ ከኮረብታው ጀርባ ይጠብቀው ነበር። ጆንያው ከቀበሮ ጋር ቀረ፤ ዳምጤ ክራሩን አንግቶ መንገዱን ቀጠለ። ሦስት ወር እንዴት እንደሚያልፍ ሲያስብ «መቼም አንድ ነገር አይጠፋም» አለ።

ኮሌጅ ሲደርስ ስንቅህ የታለ ያለው አልነበረም፤ ቀበሮ ያለውም ሁሉ ሆነ። ፍየሎቹ ሳይቀሩ ከሩቅ ሆነው «ክራር ተጫዋቹ መጣ!» ተባባሉ። ማደሪያ ክፍሉን የሚጋራው ታገሠ የሚባል አህያ አልጋውን አነጠፈለት፤ ከገብስ ቆሎውም እፍኝ ሰጠው። ዳምጤ ለይሉኝታ ያህል አኘከና ዞር ብሎ ተፋው።

በመጀመሪያው ቀን ክሩን እየነካካ ዋለ። በሁለተኛው ቀን መዳፉ ስለሚወፍር ሁለት ክር አንድ ላይ መምታቱ አናደደው። በሦስተኛው ቀን ጣቱ ተላጠ። በአራተኛው ቀን ክራሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጋደም አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስበው ስለ ሆዱ ብቻ ሆነ።

«ዳምጤ፣ ምሳ አትበላም እንዴ?» ይለዋል ታገሠ።

«ጾም ነኝ።»

ጅብ ጾም ነኝ ሲል ማን ያምናል? ታገሠ አመነው። እንዲያውም ጾመኛ ፊት መብላት ነውር ነው ብሎ ቆሎውን ውጭ እየወጣ መብላት ጀመረ።

ከመንገድ የለቃቀማት አጥንት አንድ ሳምንት አቆየችው። በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ መምህሩ ዝንጀሮ ስለ ወንዞች ሲያስተምር ዳምጤ ሰሌዳውን አላየም። ያየው የነበረው ከጎኑ የተቀመጠውን የታገሠን ጆሮ ነው። ጆሮው ዝንብ ሊያባርር ሲወዛወዝ ዳምጤ አፉ ሲከፈት ተሰማው። ዘሎ ተነሣ፤ ከክፍል ወጥቶ እየሮጠ ማደሪያው ገባ፤ ክራሩን ከግድግዳው አወረደና አንዱን ክር በጥርሱ በጠሰው።

በስድስት ቀን ስድስቱ ክሮች አለቁ። ከዚያ ቆዳው ቀረ። ቆዳውን ከጠርዙ ሲጀምረው ያቺ የበሬ ምላሷን የሰጠችው አሮጊት ትዝ አለችው። አፈረ። አፍሮም ግን ማኘኩን አላቆመም። የመጨረሻዋን ቁራጭ የዋጣት የወላጆች ቀን ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ነበር።

በወላጆች ቀን እናቱ አሥር ጅቦች አስከትላ መጣች። ሦስት ቀን በእግራቸው ተጉዘዋል፤ ሁሉም ከስተዋል። ዲኑ አንበሳ ከሌሎቹ ፈንጠር አድርጎ አስቀመጣቸው። አንዲት ፍየል ከሩቅ ሆና «የክራር ተጫዋቹ እናት እርስዎ ነዎት?» ስትላት እናቱ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ «ሰምቶኛል ማለት ነው! የክበቡን ተውሶ ነው» አለች። ከዚያም ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«እስቲ አንድ ጊዜ ምታልን ልጄ!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ታገሠ ደግሞ ጓደኛውን ያገዘ መስሎት ሮጦ ሄደና አልጋ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኘውን ክራር ይዞ መጣ። ጨርቁ ሲፈታ ግን ባዶ እንጨት ነበር። ጭብጨባው ቆመ።

እናቱ እንጨቱን አየች፤ ከዚያ እንጨቱን የያዘውን አህያ አየች። ብድግ አለች።

«አንተ! የክበቡን ክራር እንዲህ ያደረግከው አንተ ነህ? የኔ ልጅ የሰው ዕቃ አያበላሽም!»

«እኔ . . . እኔ ገብስ ነው የምበላው፣ እትዬ» አለ ታገሠ እየተንተባተበ።

ሁሉም ወደ ዳምጤ ዞሩ። ዳምጤ ዝም አለ። አንድ ቃል ቢናገር ታገሠ ነፃ ይወጣል፤ እሱ ግን ዝም አለ። ታገሠ ጆሮውን ጥሎ «ንገራቸው እንጂ» በሚል ዐይን አየው። ዳምጤ በኋላ ሲያስበው ቋንጣውን ከመሸጡም፣ ክራሩን ከመብላቱም ይልቅ ያሳፈረው ይህ ዝምታው ነበር።

«ታገሠ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ክራሩን?»

«ክሩንም ቆዳውንም። የክበቡም አይደለም። ስንቄን ሰጥቼ ከቀበሮ የገዛሁት ነው።»

አሮጊቷ መሬት መሬት አየች። ሳቅ ያመለጣቸው ጥንቸሎች እንኳ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ዲኑ አንበሳ ጠየቀ። «ተማሪ ነክተሃል?»

«አልነካሁም ጌታዬ። እንዳልነካ ብዬ ነው ክራሩን የበላሁት።»

ታገሠ ሳያውቀው ጆሮውን ዳሰሰ።

«ያንን ሕግ ጠብቀሃል» አለ አንበሳ። «ስንቅ ከሌለህ ግን ዛሬውኑ ከወገኖችህ ጋር ትመለሳለህ።»

እናቱ ለመልስ መንገድ የያዘችውን ትንሽ ቋጠሮ ፈታችና እግሩ ሥር አኖረችው። አሮጊቷም የራሷን ፈታች። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ቋጠሯቸውን አኖሩ።

«ይህ ቢቆጠብ ለአንድ ወር ነው» አለ አንበሳ። «የቀረውስ?»

«አመጣለሁ ጌታዬ» አለች እናቱ። ከየት እንደምታመጣው አልተናገረችም።

ጅቦቹ የሦስት ቀን መንገዳቸውን በባዶ ሆድ ጀመሩ። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰድቡት በተሻለው ነበር። እናቱ ግን ጥቂት ከሄደች በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ማንም እንዳይሰማት ተጠጋችውና ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ከመብላትህ በፊት ትንሽ እንኳ ተጫወትክበት?»

ዳምጤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ሦስት ቀን» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ተውሰን እንኳ ላልሞከርነው አምሮት ወገን ከአፉ ነጥሎ ያስያዘንን ስንቅ የምንለውጥ ከሆነ የምናሳፍረው ራሳችንን ብቻ ሳይሆን ያመኑንንም ሁሉ መሆኑን ነው።