ሰንበሌጥ አምባን ሊዞሩ የወጡ ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ከሰንበሌጥ አምባ ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። አራት ልጆች አሳድገዋል። የመጨረሻው ናሁሠናይ በሃያ ሁለት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ተራራውን ሊዞር ወጥቶ፣ ዝናብ ያረጠበው ሣር አንሸራተተውና ገደል ገባ። ሬሳውን ሰዎች ከታች ከወንዙ ዳር አንስተው አመጡላቸው። የተቀበረበትን አይተዋል፤ የወደቀበትን ግን አላዩም።

«ልጄ መጨረሻ የቆመበትን መሬት ሳላይ አልሞትም» ይሉ ነበር። ነገር ግን ልባቸው ታማሚ ነው፤ እግራቸው ያብጣል፤ ከቤት እስከ ገበያ ሲሄዱ ሦስቴ ያርፋሉ።

መንገዱ ለጤነኛ ሰው ከባድ አይደለም። ከወፍጮ ቤቱ ተነስቶ በተራራው ቀኝ ይወጣል፤ በጀርባው ዞሮ በግራ በኩል ወደዚያው ወፍጮ ቤት ይመለሳል። በጠዋት የተነሳ ወጣት ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። ናሁሠናይ የወደቀበት አፋፍ ከዙሩ እኩሌታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደፊት ቢሄዱም ወደኋላ ቢመለሱም ርቀቱ አንድ ነው።

ሁለተኛው ሙት ዓመት ባለፈ ማግስት ሦስቱ ልጆች ተሰብስበው እናታቸውን ሊወስዷቸው ቆረጡ።

ታላቁ አድማሱ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበር። ሦስት እሁድ ተራራውን ብቻውን ዞረ። የእናቱን እርምጃ እያሰበ እንደ እሳቸው ቀስ ብሎ ሄደ። ጥላ ያለበትን፣ ለመቀመጫ የሚሆን ድንጋይ የሚገኝበትን፣ ውኃ የሚቀዳበትን ሁሉ በደብተሩ ጻፈ። አንድ ሕግም አወጣ፦ «እስከ አምስት ሰዓት ከአፋፉ በፊት ያለው ምንጭ ጋ ካልደረስን እንመለሳለን። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል።» ሁሉም ተስማሙ፤ እናትየውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

መካከለኛዋ ስመኝ ነርስ ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ የእናቷን ክንድ ይዛ አስኬደቻቸው። መጀመሪያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤት፣ ኋላም እስከ መጀመሪያው ዳገት። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ሰጠች፤ ጨው ከምግባቸው ቀነሰች። እብጠቱ ጎደለ። አንድ ማለዳ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ዳገቱ ላይ ቆመው ሳቁ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲስቁ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከሦስቱ ታናሹ አንዳርጌ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ማቀድም ማከምም አያውቅም፤ ሸክም ግን ያውቃል። ከእንጨትና ከጠፍር በጀርባ የሚታዘል መቀመጫ ሠራ። ድንጋይ የሞላ ጆንያ አስሮበት ትከሻው እስኪላጥ ዳገት ወጣ፣ ወረደ።

«ደከመኝ ካላልሽ አላዝልሽም» አላቸው።

«እሷን ቀን አያምጣብኝ» አሉ እናቱ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሁለተኛው ዳገት ላይ ግን ወይዘሮ ጥሩአየሁ በየሃያ እርምጃው መቆም ጀመሩ። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኗል።

አድማሱ ሰዓቱን አየ። «እንመለሳለን» አለ።

«ያ ማዶ የሚታየው አፋፉ አይደለም እንዴ?» አሉ እናቱ።

«ነው እማዬ። ግን ተስማምተን ነበር።»

«ሁለተኛ የምወጣ ይመስልሃል?»

አድማሱ ወደ እህቱ ዞረ። «ልቧን እዪው። አንቺ ደህና ነው ካልሽ እንሄዳለን። ካልሆነ ብታለቅስም አልሰማትም።»

ስመኝ የእናቷን የእጅ አንጓ ያዘች። የደም ሥሩ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አታሳጪኝ» አሏት። ስመኝ ቀና አለች።

«ደህና ነው» አለች።

አንዳርጌ መቀመጫውን በጀርባው አስሮ ተንበረከከ፤ እናቱም «ደከመኝ» ሳይሉ ታዘሉ።

ወደ አፋፉ ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ደመናው ወረደ። አድማሱ ከኋላ፣ «ቁም! እግርህ የሚረግጠው አይታይም!» ብሎ ጮኸ። አንዳርጌ አልቆመም። ካወረዳቸው ዳግም የሚያነሳቸው አልመሰለውም። የእናቱ ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ይቆራረጥ ነበር፤ ያን እየሰማ እርምጃውን አፈጠነ።

አፋፉ ላይ አወረዳቸው።

«እዚህ ነው?» አሉ።

«እዚህ ነው» አለ አድማሱ።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ አዩ። እርጥብ ሣር አለ። ከሣሩ ወዲያ ደመና ብቻ ነው።

«ምንም የለም እንዴ?»

ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ሣሩ መልሶ በቅሏል» አሉ። ከጉያቸው ቀይ የሱፍ ቆብ አወጡ። ለናሁሠናይ ራሳቸው የሠሩለት ነው፤ የወደቀ ዕለት ከዚያው አፋፍ ላይ የተገኘ። እዚያ ሊተዉት ነበር ያመጡት። ነፋሱ ሲነሳ ግን መልሰው ጨበጡት።

«ለዚህ ባዶማ አልሰጠውም። እዚህ ያደረሰኝ ልጄ ይውሰደው።»

«ማን፣ እማዬ?» አለች ስመኝ።

እሳቸው ወደ ገደሉ እያዩ ነበር። ስም አልጠሩም።

አንዳርጌ እንደገና አዘላቸው። ቁልቁለቱን እንደጀመሩ የእናቱ ክንዶች ከአንገቱ ላይ ላሉ። መሞታቸውን አወቀ፤ ግን አላወረዳቸውም። የቀረውን የዙሩን እኩሌታ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሸክሟቸው ወረደ።

በሰልስቱ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የዕድሩ ዳኛ ቆቡን ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። «የሟች ቃል አደራ ነው። ከናንተ ማን ይውሰደው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሦስቱ ይሻሙበታል ብሎ ጠበቀ። አንዳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም።

አድማሱ፣ «እኔ እንመለስ ያልኩ ነኝ። በቃሌ ብጸና ኖሮ እናቴ ዛሬ ትኖር ነበር። የተሸከማት ይውሰደው» አለ።

አንዳርጌ፣ «እኔ የጭነት ከብት ነበርኩ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ እየሰማሁ መች ቆምኩ? እግሯን ያጠናችላት ስመኝ ናት፤ እሷ ትውሰደው» አለ።

ስመኝ፣ «ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ደህና እንዳልሆነ በጣቴ እያወቅሁት። ይህን ቆብ በዚህ እጄ አላነሳም። መንገዱን ያወጣላት ጋሼ አድማሱ ነው።»

ድንኳኑ ፈረሰ። ሦስቱም በየፊናቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም። ቆቡ ዛሬም ከዕድሩ ዳኛ ቤት አለ።

የከተማው ሰው ሲከራከር ይውላል። ያለ አድማሱ ደብተር ማንም ከቤት አይወጣም ነበር የሚል አለ። ያለ ስመኝ ሦስት ወር፣ ያለዚያችም አንዲት ቃል፣ ምንጩ ጋ ይቀሩ ነበር የሚል አለ። የመጨረሻውን ዳገት የወጣው የአንዳርጌ ትከሻ ብቻ ነው የሚልም አለ። ደግሞ ሌሎች፣ ለአፋፉ ያበቃቸው ለሞትም ያበቃቸው ነውና፣ ቆቡን ለአንዱ መስጠት መፍረድ ነው ይላሉ።

የሰማችሁ ሁሉ፣ እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እናትየውን እዚያ ያደረሳቸው የትኛው ልጅ ነው? ቆቡስ ለማን ይገባል?